ባህር ዳር፦ ቦታ ተረክበን ቤት መሥራት ላቃተን ሰዎች ተገጣጣሚ ቤት ለምን አይፈቀድም?

መምህርት ዘጣና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ግን የብዙዎቻችን ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ባህር ዳር ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ ሁለት ልጆች አሉን። በቤት ማህበር ተደራጅተን፣ ከልጆቻችን አፍ ነጥቀን ቆጥበን፣ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ በዘንዘልማ በኩል ቦታ ተረክበናል። ችካሉ ተተክሏል፣ ወረቀቱም እጃችን ላይ ነው። ከማህበራችን ግን መሠረት ያወጣው ሰው ጥቂት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ አቅም ነው። ስንደራጅ ቤት ያስጨርሰናል ያልነው ብር ዛሬ መሠረቱን እንኳን አያወጣም። ሲሚንቶው ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ መንገዱ ሲከፈት ግን ወደነበረበት አይመለስም። ፌሮውንማ ዋጋ መጠየቅም ትተናል።

እስከዚያው የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው። ከደመወዜ ግማሹ ለኪራይ ይሄዳል። የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ተከራይን ያሳርፋል። ግን ቤት እስካልተሠራ ድረስ ተከራዩ ብዙ፣ ቤቱ ጥቂት ሆኖ ይቀጥላል። እኛ ደግሞ ቦታ ይዘን ተከራይ ነን። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የባለቤቴ ጓደኛ ብረት ቤት፣ ማለትም ብረት የሚበየድበት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ይሠራል፤ ለመንገድ ሥራ ካምፖች ተገጣጣሚ ቤት ያመርታሉ። ሄጄ አየሁት። አጥንቱ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ፣ ነው። ግድግዳው ሁለት ቀጫጭን ላሜራ ሆኖ በመካከላቸው ነጭ ፎም አለ፤ ሳንድዊች ፓነል የሚሉት ነው። ፓነሎቹ ጎንና ጎናቸው ወንድና ሴት ሆኖ እርስ በርስ ይነካከሳል፣ ከአጥንቱ ጋር ደግሞ በቡሎን ይታሰራል። በመገጣጠሚያው ላይ ጣቴን አስኬድኩት፤ ክፍተት የለውም፣ ጎማ ገብቶበታል። የመብራት ሽቦው በቱቦ ውስጥ አልፎ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር ቦታው ላይ ነበር። ሁለት ክፍል፣ አንድ ትንሽ መታጠቢያ። ጊዜው ሚያዝያ ነበር፣ ያውም ከቀትር በኋላ። የባህር ዳርን ሚያዝያ ታውቁታላችሁ። እኔ የማስተምርበት ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል በዚያ ሰዓት ልጆቹን ያስተኛቸዋል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን ቆሜ ሳወራ አላበኝም። ሠራተኞቹ አንዱን ቤት በጥቂት ቀን ገጥመው እንደሚጨርሱ ነገሩኝ። ዋጋውም ተሰልቶ ሲነገረኝ፣ ርካሽ ነው ባልልም፣ በማህበር ብድርና በቁጠባችን የሚደረስበት ሆኖ አገኘሁት።

በደስታ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። የሚመለከተው ባለሙያ ሥዕሉን እንኳን ሳይዘረጋ «ለመኖሪያ የሚፈቀደው ብሎኬት ነው፣ ይሄ ጊዜያዊ ነው» አለኝ። የት ተጽፏል ብዬ ጠየቅሁ። አሠራር ነው ተባልኩ። በጽሑፍ ስጡኝ አልኩ፤ አልተሰጠኝም። ሰውየውን አልወቅስም፤ እሱም ነገ እኔን ፈቅዶ ከነገ ወዲያ የሚጠየቅበት መመሪያ ፈርቶ ይሆናል።

ቤት ገብቼ በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001ን፣ አነበብኩት። ሕንፃ ማለት ለመኖሪያም ሆነ ለሌላ አገልግሎት የሚውል ቋሚ ወይም ጊዜያዊ ግንባታ እንደሆነ ነው የሚተረጉመው። ምድብ «ሀ» የሚለው፣ የእኛን ዓይነት ትንንሽ ቤቶች የሚያካትተው፣ ሲተረጎም አርማታም፣ ብረትም፣ ሌላ ውቅርም ይጠቀሳል። እንግዲህ አዋጁ ብረትን በስሙ ጠርቶት ሳለ እታች ያለው አሠራር ብሎኬት ካልሆነ የሚለው ከየት አምጥቶ ነው?

የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ቤት መመዘን ያለበት ምን ይችላል ተብሎ ነው። ዝናቡን ይችላል? ነፋሱን ይችላል? እሳት ቢነሳ ልጆቼን ለማውጣት ጊዜ ይሰጠኛል? ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? እነዚህን ካለፈ ከምን ተሠራ የሚለው ለምን ያግደዋል? ደግሞም የማህበራችን ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ሥዕሉን አንድ ጊዜ መርምሮ ለሁላችንም ማጽደቅ አይቻልም? እያንዳንዳችን ለየብቻ ሥዕል አሠርተን፣ ለየብቻ ከፍለን፣ ለየብቻ ወረፋ ከምንይዝ።

ስለዚህ፣ ባህር ዳርም ይሁን ሌላ ከተማ እንዲህ ዓይነት ቤት በመኖሪያ ቦታ ላይ አስፈቅዶ የሠራ ሰው ካለ ይንገረኝ። ባንክስ በእሱ ያበድራል ወይ? መሐንዲሶች ካላችሁ ደግሞ ስለ ጥንካሬው ሳታባብሉኝ እውነቱን ንገሩኝ። በማህበሩ ስም ለከተማው ደብዳቤ ልንጽፍ ነው፤ ምን ብለን እንጠይቅ?

ገረጋንቲ

መምህርት፣ እንደምን ዋሉ። የሳይት መሐንዲስ ነኝ፤ ባህር ዳርና ዙሪያዋ ብዙ ሠርቻለሁ። አታባብሉኝ ስላሉ እንደዚያው ልናገር።

መጀመሪያ አፈሩ። እርስዎ ያሉበት አካባቢ ጥቁር አፈር ካለው ሰዎች «ቤቱ ቀላል ስለሆነ መሠረት አያስፈልገውም፣ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ነው» ይሏችኋል። አትስሟቸው። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከባድ ሕንፃ እብጠቱን በክብደቱ የተወሰነ ይጫነዋል፤ ቀላል ቤት ግን የሚጫንበት ነገር ስለሌለው አፈሩ ያነሳዋል። አንዱ ጥግ ሲነሳ ሌላው ሲቀር በሩ አልዘጋ ይላል፣ የፓነሉ መገጣጠሚያ ይከፈታል፣ ውሃ ይገባል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣት፣ ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር ውሃ እየረጩና እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ከዚያ እግሮቹን በአርማታ መሠረት ላይ ማቆም። የጣራው ውሃ ቤቱ ሥር እንዳይቀር ዙሪያውን ተዳፋት ያለው ንጣፍና ቦይ ማድረግ። ባህር ዛፍም ከቤቱ አጠገብ አይትከሉ፤ የአፈሩን ውሃ እየመጠጠ መሰንጠቁን ያባብሰዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ቤቱ ፋብሪካ ውስጥ ቢሠራም መሠረቱ ግን ያው እዚያው ሜዳ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሂሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

ሁለተኛው እሳት ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ያዩት ነጭ ፎም ፖሊስታይሪን ይባላል። ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፣ ሲቀጣጠልም ጭሱ ጥቁርና መርዛም ነው። ላሜራው ስለሸፈነው እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ከውጭ ሳይታይ ጣራ ሊደርስ ይችላል። በዚያው ቅርጽ ውስጡ የድንጋይ ሱፍ የሆነ ፓነል አለ፤ እሱ አይቀጣጠልም። ዋጋው ይበልጣል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ለመኖሪያ ከሆነ ግን እኔ እሱን ነው የምለው። ለሁሉም ግድግዳ ካልተቻለ ማድ ቤቱን ከብሎኬት ለይታችሁ ሥሩ። የእኛ ሰው እንጀራ በእንጨት ይጋግራል፣ ቡና በከሰል ያፈላል፤ ይህን በፎም ግድግዳ ውስጥ ማድረግ አይቻልም። እያንዳንዱ መኝታ ክፍል ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስኮት ይኑረው፤ ፍርግርግ ብረት አትበይዱበት።

መብራቱን በተመለከተ፣ ቤቱ ብረት ስለሆነ አንድ ሽቦ ቢላጥ ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ አርዲንጉ፣ በባለሙያ ተሠርቶ ይለካ። ጣና ዙሪያ መብረቅ እንዴት እንደሆነ ለባህር ዳር ሰው አልነግርም።

ፍሳሽ፦ ከተማችን ማዕከላዊ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ ሁሉም በየግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚኖረው። የከርሰ ምድር ውሃው ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ቅርብ ነው። ለማህበሩ ቤቶች አንድ የጋራ ሴፕቲክ ታንክ አስባችሁ በሥዕሉ ላይ ብታስገቡ ጥያቄያችሁ ክብደት ያገኛል።

ሥዕል አንድ ጊዜ ይጽደቅ ያሉት ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ መጠየቅ አለባችሁ። ምርመራው ወደ ብረት ቤቱ ይሂድ። ብየዳው፣ የቱቦላሬው ውፍረት፣ ቀለሙ የሚታየው እዚያ ሳይሸፈን ነው። ከተገጠመ በኋላ የከተማው ተቆጣጣሪ ምን ሊያይ ነው? ላሜራ ብቻ ነው የሚያየው።

ሀገራችን ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በደርግ ዘመን በዩጎዝላቪያ ቴክኖሎጂ የተገጣጣሚ ሕንፃ አካላት ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ አርማታውን እዚያ እያፈሰሰ ስንት ሕንፃ ተገጥሟል። በኋላም ኮንዶሚኒየም ሲመጣ አግሮስቶን የሚባል ሰሌዳ ለውስጥ መክፈያ ገባ፤ እርጥበት የማይወድ ነገር መታጠቢያ ቤት አጠገብ ሲቆም ምን እንደሚሆን የኖረበት ሰው ያውቀዋል። አዲስ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የት ቦታ እንደሚገባና እንደማይገባ ቀድሞ ይታይ ነው የምለው።

የፋሲሎ ነዋሪ

መምህርት፣ ችግርዎ ይገባኛል፤ የእኔም ልጆች ተከራዮች ናቸው። ግን ፍርሃቴን ልንገርዎ። ይህች ከተማ ዘንባባዋና ሰፋፊ መንገዶቿ የተረፏት በፕላን ስለተሠራች ነው። ጊዜያዊ ተብሎ የሚተከል ነገር እዚህ አገር ጊዜያዊ ሆኖ ሲቀር አላየሁም። ሱቅ ነው ተብሎ የመጣ ኮንቴይነር አስፋልት ዳር ስንት ዓመት ተቀምጧል። ዛሬ ለመምህራን ማህበር ቢላላ፣ ነገ ባለ ገንዘቡ ጣና ዳር የብረት ቤት ደርድሮ እያከራየ በቡሎን ነው የታሰረው፣ ስትፈልጉ አነሳዋለሁ ይላል። ጣና ከነዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደንገሉ ግን በየዓመቱ እየሸሸ ነው። የሚላላ ሕግ ማን ቀድሞ እንደሚገባበት አስቡ። ከዚያም ባለፈ አንድ ማህበር አቅም ስላጣ መስፈርቱ ይውረድ ከተባለ፣ ድሃ የሚኖርበት ሰፈርና ሌላው የሚኖርበት ሰፈር በግድግዳው ይለያል። ልጆቻችን እዚያ ሰፈር ነው የምትኖሩት እንዳይባሉ እፈራለሁ።

የሽንብጥ ልጅ ከኮሎራዶ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሽንብጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን አሜሪካ ኮሎራዶ ነው የምኖረው፣ ያውም ፋብሪካ ውስጥ በተሠራ ቤት። ስለዚህ የነሱን ልምድ ልንገርሽ፤ ጥሩውንም መጥፎውንም።

እዚህ ማኑፋክቸርድ ሆም ይሉታል። ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገ ይሠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ኮንግረሱ ሕግ አወጣ፤ ከሰኔ 1976 ጀምሮ ሃድ የሚባለው የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ያወጣው አንድ መመዘኛ በመላው ሀገር ይሠራበታል። ቤቱ የሚመረመረው ፋብሪካው ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ሲያልፍ በውጭ ግድግዳው ላይ ቀይ የብረት ምልክት ይለጠፍበታል። ያንን ምልክት ይዞ የመጣውን ቤት ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳህን ክፈት፣ ሽቦህን አሳየኝ አይለውም፤ የሚያየው መሠረቱን፣ ማሰሪያውን፣ የውሃና የመብራት መገናኛውን ነው። ከላይ መሐንዲሱ ወንድማችን ምርመራው ወደ ብረት ቤቱ ይሂድ ያለው ይህንኑ ነው።

ማላላት ሲባል ግን ሁሉን መልቀቅ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሩ የሚባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ እንዲህ ዓይነት ቤቶች ክፉኛ ወደሙ። ከዚያ በኋላ በ1994 የነፋሱ መመዘኛ ጠበቀ፤ አገሩ በነፋስ ቀጠና ተከፈለና ባህር ዳርቻ የሚሄደው ቤት ጠንካራ ሆኖ እንዲሠራ ተደረገ። አሁን ይላላ ተብሎ ክርክር የሚደረግበት ሌላ ነው። ሕጉ ቤቱ ቋሚ የብረት ሻሲ ላይ መሠራት አለበት ይላል፤ ጎማ ገጥሞ ለመጎተት። አብዛኛው ቤት ግን አንዴ ከተተከለ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ሻሲው ዋጋ ይጨምራል፣ ወለሉንም ከፍ ያደርገዋል፣ ሁለት ፎቅ መሥራትንም ያስቸግራል። ይህ ግዴታ ይነሳ የሚል ሐሳብ ኮንግረሱ ውስጥ ቀርቧል። ሌላው የከተሞቹ ጉዳይ ነው። ቤቱን ራሱን በጥራት መከልከል ስለማይችሉ በመሬት አጠቃቀም ፕላን እዚህ ሰፈር አይገባም ይላሉ። ካሊፎርኒያ ግን በቋሚ መሠረት ላይ እስከተተከለ ድረስ አንድ ቤተሰብ በሚኖርበት ሰፈር ከተሞች እንዳይከለክሉት በሕግ አስራለች።

መጥፎውን ደግሞ ስሚ። እኔ ቤቱ የራሴ ነው፣ መሬቱ ግን የሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ቤቶች በኪራይ ቦታ የሚተከሉበት፣ ፓርክ የሚሉት ግቢ ውስጥ ነው ያለሁት፤ ለቦታው በየወሩ እከፍላለሁ። የመሬቱ ባለቤት ሲለወጥ የቦታው ኪራይ ጨመረ። አንስቼ ልሂድ ብል ማንሻው ብቻ የሚያስከፍለኝ ገንዘብ አይቀመስም፤ ስሙ ተንቀሳቃሽ ይባላል እንጂ ቤቱ አይንቀሳቀስም። ስገዛውም የቤት ብድር አላገኘሁም። መሬት ከሌለሽ ቤቱ እንደ መኪና ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው የሚቆጠረው፤ ወለዱ ከፍ ያለ፣ ጊዜው አጭር ነው። የራሱ መሬት ላይ በቋሚ መሠረት የተከለ ሰው ግን ወረቀቱን ለውጦ እንደ ማንኛውም ቤት ያስመዘግበዋል።

አንቺ የጎደለሽ ቤቱ ነው፤ መሬቱ አለሽ። እኔ ተቃራኒው ነኝ። ስለዚህ ያንቺ ነገር ከእኔ ይሻላል፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ ጠንክሪ።

ከብድር ክፍል

እህቴ፣ ባንክ ብድር ክፍል ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። የባንኬን ስም አልጠራም፤ የምጽፈውም የራሴን ነው። ከኮሎራዶ የጻፉት ጋሼ የነኩት ነገር እኛም ጋ አለ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1130 መሬትና ሕንፃ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው ይላል። ከአንድ ነገር ጋር ተያይዞ ሳይበላሽ ወይም ሳይፈርስ ሊለይ የማይችለው ደግሞ የዚያ ነገር ክፍል ሆኖ ይቆጠራል። የእናንተ ቤት በቡሎን የታሰረ ነው፤ ሳይበላሽ ይፈታል። ታዲያ ሕንፃ ነው ወይስ ዕቃ? መልሱ የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። ሕንፃ ከሆነ ከይዞታው ጋር አብሮ ይገመታል፣ በመያዣ ይመዘገባል፣ ረጅም ብድር ሊታሰብበት ይችላል። ዕቃ ከሆነ መያዣው በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ በቁጥር 1147/2011፣ ነው የሚሄደው። አዋጁ ጥሩ በር ከፍቷል፤ ግን በእሱ የሚሰጠው ብድር የቤት ብድርን ዕድሜ ያህል ይረዝማል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም።

ሌላም ሰው የማያስበው ነገር አለ። መንገድ ወይም ሌላ ልማት መጥቶ ቦታው ቢወሰድ፣ በካሳ አዋጁ፣ በቁጥር 1161/2011፣ ተነስቶ ሌላ ቦታ ላይ እንደቀድሞው ሊያገለግል ለሚችል ንብረት የሚከፈለው የማንሻ፣ የማጓጓዣና የመትከያ ወጪ ነው። ለቋሚ ሕንፃ ከሚታሰበው ካሳ ጋር አይገናኝም። ወጪሽን መሠረቱ ላይ፣ ጉድጓዱ ላይ፣ አጥሩ ላይ አፍስሰሽ ወረቀቱ «ጊዜያዊ» ካለ ያን ቀን ትጎጃለሽ።

ስለዚህ ይፈቀድልን የሚለው ብቻውን አይበቃችሁም። በቋሚ መሠረት ላይ የተተከለ ተገጣጣሚ ቤት በፈቃዱም በመጠቀሚያ ፈቃዱም ላይ ቋሚ መኖሪያ ሕንፃ ተብሎ ይጻፍልን በሉ። የእኛ ገማች መሐንዲስ ሄዶ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው። ካርታው በሊዝ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ ያለውን የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ጊዜ ተመልከቱ። ጊዜው እየሮጠባችሁ ከሆነ ደብዳቤው ላይ ይጠቀስ፤ በፍጥነት የሚሠራ ቤት መፈለጋችሁ ከተማውንም ከክርክር ያድነዋል።

መምህርት ዘጣና (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በአንድ ቀን ይህን ያህል አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። የብድር ክፍሏ እህቴ የጻፍሽውን ለማህበሩ ኮሚቴ አነበብኩላቸው፤ የካሳውን ነገር አንዳችንም አስበነው አናውቅም ነበር።

ለፋሲሎው ወንድሜ ልመልስ። የጣና ዳሩን ፍርሃት እኔም እፈራዋለሁ። ስለዚህ ደብዳቤያችን የሚጠይቀው በስሙ ካርታ ላለው፣ በፕላን መኖሪያ ተብሎ በተከለለ ቦታ ላይ፣ ለራሱ ለሚኖርበት ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ላለው በሩ ዝግ ይሁን፤ አንቃወምም። መስፈርት ይውረድልን አላልንም። በእሳቱም፣ በነፋሱም፣ በፍሳሹም ከብሎኬት ቤት እኩል እንጠየቅ። ከተፈለገ ይጥበቅብን። ድሃ በግድግዳው ይለያል ላሉት ግን፣ አሁን የምንኖረው በምን ውስጥ ነው? ከግቢ ጀርባ በቆርቆሮና በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ የሚከራየው ክፍል ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፣ መሐንዲስ አይቶት አያውቅም፤ ከጎረቤት ምድጃ እሳት ቢነሳ መውጫ የለውም። ከተማው ያንን እያየ ያልፋል፤ በሥዕል፣ በመሐንዲስ ፊርማ፣ በራሳችን ቦታ ላይ እንሥራ ስንል ግን ይከለክላል። ተማሪዎቼ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ምን እንደሆነ የሚያሳፍራቸው አይመስለኝም፤ በየዓመቱ ሰፈር ሲቀይሩ ትምህርት ቤት መቀየራቸው ግን ሲጎዳቸው በዓይኔ አያለሁ። ክፍሌ ውስጥ ማንበብ ጀምሮ መስከረም ላይ የጠፋብኝ ልጅ ብዙ ነው።

ገረጋንቲ፣ የድንጋይ ሱፉን ፓነል ዋጋ እያጠያየቅን ነው። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ አፈራችን ጥቁር መሆኑን ሳናስመረምር በምን እናውቃለን?

በያጁ

እትዬ መምህርት፣ ሰላም ነዎት። ብረት ቤት ነው የምሠራው፤ እንዲህ ዓይነት ቤት በእጄ ገጥሜአለሁ፣ ስለዚህ ከዋጋው በኩል ልናገር። ቱቦላሬውም ላሜራውም ጥሬ ዕቃው በጅቡቲ በኩል በዶላር ነው የሚገባው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዛሬ የሰጠንዎት ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ቤቱን ከውጭ ዕቃ አታድርጉት። አጥንቱና ጣራው ብረት ይሁን፤ እሱ ነው ጥንካሬውን የሚሰጠው። ግድግዳውን ከአገር ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ሃይድራፎርም በሚሉት ማሽን አፈርና ትንሽ ሲሚንቶ ተጨምቆ የሚወጣ ጡብ አለ፤ እርስ በርሱ ስለሚነካከስ በመደዳው መካከል ብዙ ሞርታር አይፈልግም። እሳትም አይፈራም። ለጡቡ ግን የእናንተን ጥቁር አፈር አትጠቀሙ፤ ቀይ አፈር ነው የሚፈለገው። የውስጥ መክፈያውን ከእንጅባራ በኩል በሚመጣ ቀርከሃ መሥራት ይቻላል፣ ነቀዝ እንዳይበላው መታከም አለበት እንጂ።

ሌላው፣ ለካምፕ የምንሠራውንና ለመኖሪያ የምንሠራውን በአንድ ዋጋ አያወዳድሩ። ካምፕ የሚያዝ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ነው የሚፈልገው፤ ቀጭኑን ቱቦላሬ ነው የሚወስደው። ለእርስዎ ቤት ውፍረቱ በሥዕሉ ላይ በሚሊ ሜትር ይጻፍ፣ ሲመጣም ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ይለካ። ብየዳው ያለፈበት ቦታ ሁሉ ተፈግፍጎ ፀረ ዝገት ሳይቀባ ፓነል እንዳይለብስ። የጣና እርጥበት ዝገትን ያፋጥነዋል፤ እኔ ራሴ ጥገና የምጠራው ከሁሉ በላይ በዚያ ነው። ተቆጣጣሪ ብረት ቤት መጥቶ ይይ የሚለው ሐሳብ እኛን ሥራ የምናከብረውን ሰዎች ደስ ነው የሚለን፤ ቀጭን ብረት ወፍራም ነው ብሎ የሚሸጠው ከእኛ ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም ማለት ነው።

ደግሞ ወደ ቦታችሁ የሚገባው መንገድ ይታሰብ። የተገጠመ ቤት በመኪና ይምጣ ከተባለ ስፋቱ ከመኪናው ሰውነት ማለፍ የለበትም፣ ማውረጃ ክሬንም ይፈልጋል። ተበትኖ መጥቶ እዚያው ቢገጠም ክሬኑ ይቀራል፤ በእጅ ይወጣል።

ገረጋንቲ

መምህርት፣ ለአፈሩ ጥያቄዎ፦ አሁን በጋ እያለ ቦታው ላይ ሄደው መሬቱን ይዩ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው ጥርጥር የለውም። አንድ ረጅም ዱላ ስንጥቁ ውስጥ ክተቱና የት ድረስ እንደሚገባ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በሁለት በሦስት ቦታ ጉድጓድ አስቆፍሩ፤ ጥቁሩ አልቆ ገረጋንቲ ወይም ድንጋይ የሚጀምርበትን ጥልቀት በሜትር ለኩ። በአንዳንድ ቦታ ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ የመሠረቱ ወጪ ከፈራችሁት በጣም ያነሰ ይሆናል። ሁሉም አባል በየግሉ ከሚያስቆፍር ማህበሩ በጋራ ያስቆፍር፤ ናሙናውን በጎማ ከረጢት አስራችሁ ወደ አፈር ላቦራቶሪ ውሰዱት። የዕብጠት መጠኑን ለክተው በወረቀት ይሰጧችኋል፤ ያንን ወረቀት ከሥዕሉ ጋር አያይዛችሁ አስገቡ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ሰኔ ከገባ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ጥልቀቱንም መለካት አትችሉም።